ያልተከፈተው ቢጫ ሣጥን

ሳል ይዞት ሐኪም ቤት የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «መቼ ጀመረህ?» ተብሎ ነው። ብዙ ሰው «እንጃ፣ ሰንበት ብሏል» ይላል። እኔ ግን ቀኑንም ቦታውንም፣ የወለሉን ቀለም ሳይቀር አውቀው ነበር። እያወቅሁ «እንጃ» ስል በረዶው ወርዶ ቀለጠ።

ይህን የምጽፈው እዚህ ስቶክሆልም በየዩኒቨርሲቲውና በየሆስፒታሉ ላብራቶሪ ስቴድ ለምትሠሩ እህቶቼ ነው። ስቴድ ማለት ጽዳት መሆኑን ለእናንተ አልነግራችሁም። እኔ ከፍ ያለ ትምህርት የለኝም። ስዊድንኛውን የለመድኩት ጥቂቱን ከሬዲዮ፣ ጥቂቱን ከቤተ መጻሕፍት፣ አብዛኛውን ግን ከሳሙና ጠርሙስ ጀርባ ነው። ስለዚህ ቋንቋውን ስትፈትኑኝ አፌ ይተሳሰራል፤ «ዓይን ያቃጥላል»፣ «ከልጆች አርቁ» የሚለውን ግን እንደ ውዳሴ ማርያም ነው የምወጣው። አወይ፣ ማንበብ ብቻውን ቢያድን ኖሮ!

የምሠራው አንድ ዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ውስጥ ነበር። የአይጥና የሰው ሥጋ ቅንጣት በጠርሙስ እያቆዩ የሚያጠኑበት ፎቅ የእኔ ነው። ሥራ የገባሁ ዕለት የተነገረኝ ሕግ አንድ ነበር፦ ወለሉ ያንቺ ነው፣ ጠረጴዛው የእነሱ ነው፤ የፈሰሰ ነገር ካየሽ ግን ወለሉም ያንቺ አይደለም፤ ሳትነኪ ውጪና ንገሪ። ግልጽ ሕግ ነው። ለዓመታት ጠብቄዋለሁ። ፈረንጅ ቢያፈስ ኖሮ ዛሬም ድረስ እጠብቀው ነበር።

ያፈሰሰው ግን ኤርሚያስ ነው።

ኤርሚያስ እዚያ ፎቅ ላይ ዶክትሬቱን የሚሠራ የአገራችን ልጅ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ባልዲዬን እየገፋሁ ሳልፍ ከወንበሩ ብድግ ብሎ «እንደምን ዋሉ እትዬ» ሲለኝ እንባዬ መጣ። ዓመታት ሙሉ እዚያ ሕንፃ ውስጥ ብድግ ያለልኝ ሰው አልነበረማ። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ሆነ። ከምሳዬ አካፍለዋለሁ፤ እሱም የተቸገርኩበትን ደብዳቤ ያነብልኛል። አለቃው ቁጡ ሰው መሆኑን፣ በበልጉ አንድ ማቀዝቀዣ ሳይዘጋ አድሮ ናሙና ስላበላሸ ማስጠንቀቂያ እንደደረሰው ሁሉ አጫውቶኛል።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ደጁ ጨልሞ ነበር፤ መቼም የስቶክሆልም ታኅሣሥ ነው። በኮሪደሩ ጋሪዬን እየገፋሁ ስመጣ ኤርሚያስ ከላብራቶሪው በር ብቅ አለ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«እትዬ ወይንሸት፣ ጉዴ ፈላ!»

«ምን ሆንክ?»

«ጀሪካኑ ከእጄ አመለጠኝ። ተሰነጠቀ። ወለሉ ላይ ነው ሁሉም።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ፎርማሊን። ያው ሥጋው እንዳይበሰብስ የምንነክርበት። አለቃዬ እንግዶች ይዞ አሁን ከላይ ይወርዳል። በእግዜር እትዬ፣ አንድ ጊዜ ጠረግ ጠረግ አድርጊልኝ።»

በሩን ስከፍተው ሽታው እንደ በርበሬ ጭስ ፊቴን መታኝ። ግድግዳው ላይ አንድ ቢጫ ሣጥን ተሰቅሏል፤ የፈሰሰ ነገር የሚጠረግበት ዕቃ ውስጡ እንዳለ ከላዩ ተጽፏል። ክዳኑ በቀጭን የላስቲክ ማኅተም ታስሯል። እጄን ወደሱ ሰደድኩ።

«ኧረ እሱን እንዳትነኪው!» አለ ከበሩ ሆኖ። «ማኅተሙ ከተቆረጠ ማን ቆረጠው ተብሎ ይጠየቃል። እዚህ ዶሴዬ ላይ ሁለተኛ ጥፋት ከተጻፈ ወደ አገሬ ነው የሚመልሱኝ።»

«ታዲያ በምን ልጥረገው?»

«በውሃ። ሙቅ ውሃ አድርጊበት፣ ቶሎ እንዲለቅ።»

እህቶቼ፣ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ስሙኝ። ሙቅ ውሃ ለቅባት ነው። ፎርማሊን ላይ ሲፈስ የሚያደርገው ወለሉ ላይ የተኛውን መርዝ ቀስቅሶ ወደ አፍንጫ ማንሣት ነው። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ልጁ ግን ያን ጊዜም ማወቅ ነበረበት፤ የሚማረው እሱን ነው። ድንጋጤ የተማረውንም ያልተማረውንም እኩል ያደነቁራል መሰለኝ።

እኔ በነጠላ የጽዳት ጓንት፣ በነጠላ ጫማ ገብቼ ወለወልኩ። መስኮቱ የማይከፈት ነው። ኤርሚያስ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ሰው እንዳይመጣ ይጠብቃል፤ በየመሐሉ «አይዞሽ እትዬ፣ ቶሎ በይ እትዬ» ይለኛል። ዓይኔ እንባ ብቻ ሆኖ ወለሉን የምወለውለው በዳበሳ ነበር። ጉሮሮዬ እንደተላጠ ሽንኩርት ተቃጠለ። ስጨርስ መወልወያውን ባልዲው ላይ ጨምቄ ወደ ዕቃ ማስቀመጫዬ ጓዳ ወሰድኩት። ያቺ ጓዳ ካፖርቴን የምሰቅልባት፣ ምሳዬን የምበላባት፣ እግሬን የማሳርፍባት መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል ናት። መርዙን ከእሱ ክፍል አውጥቼ የራሴ ክፍል ውስጥ አስቀመጥኩት ማለት ነው። በማግሥቱም ያንኑ መወልወያ እንደገና በሙቅ ውሃ ነክሬ ሠራሁበት።

አለቃው ከነእንግዶቹ መጥቶ ወለሉን እንኳ ሳያይ አለፈ ብሎ ኤርሚያስ ነገረኝ። እጄን ሊስም ጎንበስ አለ። «እናቴ ነሽ» አለኝ።

መጀመሪያ ሳሉ ደረቅ ነበር። ከዚያ ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ ያህል መክበድ ጀመረኝ። ሰፈሬ ብሬዴንግ ከቱነልባናው፣ ከምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ወርጄ ወደ ቤቴ የምትወስደውን ዳገት እንደ ልጅ ነበር የምወጣት፤ አሁን መሐል ላይ ቆሜ ስልክ የምደውል መስዬ ማረፍ ጀመርኩ። ስተነፍስ ከውስጤ የሚያፏጭ ድምፅ ይወጣል። ባሌ ጌታሁን «ቴሌቪዥኑን ቀንሽው እንጂ» አለኝ አንድ ምሽት። ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ ነበር።

ቮርድሴንትራል ሄድኩ። የሰፈር ጤና ጣቢያችን ናት። የመጀመሪያው ሐኪም ቸር ሰው ነው፤ ደረቴን አዳመጠና «ቫይረስ ነው፤ ዕረፍት አድርጊ፣ ሙቅ ነገር ጠጪ» አለኝ። እዚህ አገር ሙቅ ነገር ጠጪ ያልተባለ በሽተኛ የለም። ጠጣሁ። ሳሉም አብሮኝ ጠጣ።

ኤርሚያስን ኮሪደር ላይ አገኘሁትና «ሳሉ አልተወኝም፤ ለሐኪሙ ያንን ነገር ልነግረው ነው» አልኩት። ሳቅ ብሎ አለፈ። በሳምንቱ መጨረሻ የበራችን ደወል ጮኸ።

ሽማግሌ ነው።

አዎ፣ ሽማግሌ። ለጋብቻ ወይም ለፀብ የሚላከው ዓይነት። ከፊት የቆሙት ጋሽ መርዕድ ናቸው። ድሮ በተማሪነት መጥተው እዚሁ ትልቅ ባለሙያ ሆነው ጡረታ የወጡ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ሲመሠረት በስዊድንኛ ተከራክረው ቦታ ያሰጡን፣ ሁላችንም የምናከብራቸው ሰው። ሁለት ሰዎች አስከትለዋል፤ ሁሉም ከአልቢ ሰፈር ነው የመጡት። እንደ አገሩ ልማድ ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ፤ እንደ አገራችን ልማድ ደግሞ አንቀመጥም አሉ።

«ኧረ አረፍ በሉ ጋሼ» አለ ጌታሁን።

«የመጣንበትን ካልሰጣችሁን አንቀመጥም።»

እኔ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ሶፋው ላይ ነኝ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች በካልሲያቸው ፊቴ ቆመዋል። የአንደኛው ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳቄ ይመጣ ነበር።

«ልጄ ወይንሸት» አሉ ጋሽ መርዕድ፣ «አንቺ ደግ ሴት ነሽ፤ ልጁን ከውርደት አድነሽዋል። አሁን ደግሞ ያዳንሽውን መልሰሽ አትግደይው። እናቱ በእሱ ተስፋ ነው ያለችው። ሳል ይድናል፤ የሰው ስም ከጠፋ አይድንም። ለሐኪምም ለአሠሪም አንናገርም በዪን።»

«ጋሼ፣ መተንፈስ እኮ አቃተኝ።»

«እናውቃለን። እግዚአብሔር ይምርሻል። እኛም እንጸልያለን።»

ጌታሁንን አየሁት። እሱ መሬት መሬት ያያል። ከልጅነቱ ጀምሮ ሽማግሌ ባዶ እጁን አይመለስም ተብሎ ያደገ ሰው ነው፤ ከሜርስታ የዕቃ መጋዘን ሥራው ውሎ ደክሞት ገና መግባቱ ነበር። «እንግዲህ ሽማግሌ…» ብሎ ጀመረና ተወው። ሳሌ መጣ። እየሳልኩ ራሴን ነቀነቅኩ። የነቀነቅኩት ለሳሉ ይሁን ለእነሱ እስከ ዛሬ አላውቀውም። እነሱ ግን እሺታ ነው ብለው ወሰዱት፤ መረቁኝ፤ ተቀመጡ። ሻይም ጠጡ።

ቀጥሎ የሆነውን ለማንም ሳወራው ውሸት ይመስላል።

ሳሉ ሲብስብኝ እንደገና ሐኪም ቀጠሮ ያዙልኝ። አዲሷ ሐኪም ወጣት ናት፤ ጠንቃቃ። ስዊድንኛዬ እንዳይጎድል ብላ ቶልክ፣ ማለት አስተርጓሚ፣ በስልክ አዘጋጅታለች። ስልኩን ጠረጴዛው መሐል አድርጋ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ከውስጡ የመጣው ድምፅ «ጤና ይስጥልኝ ወይዘሮ፣ የዛሬው አስተርጓሚዎ ነኝ፤ የምሰማውን ሁሉ በምስጢር እጠብቃለሁ» አለ።

የጋሽ መርዕድ ድምፅ ነው።

ጡረታ ከወጡ ወዲህ በስልክ ያስተረጉማሉ ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ረስቼዋለሁ። ደንግጬ ወንበሩን ያዝኩ። እሳቸው ቤቴ ቆመው «ልጄ፣ አንቺ» ያሉኝ ሰውዬ አሁን «እርስዎ» ይሉኛል፤ ዓይተውኝ የማያውቁ ሰው ይመስላሉ። ሐኪሟ ትጠይቃለች፣ እሳቸው ይገለብጣሉ። ሲጋራ ያጨሳሉ? አላጨስም። ቤትዎ ድመት አለ? የለም። ቤተሰብዎ ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ የያዘው ሰው ነበር? አይ።

ከዚያ ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አንድ ረዘም ያለ ነገር ጠየቀች። እኔ ግማሹ ገብቶኛል። ከዚያ ጋሽ መርዕድ በዚያ በሚያምር፣ በተማረ አማርኛቸው፣ ቃል ሳያጎድሉ ተረጎሙት፦

«በሥራ ቦታዎ ሳንባዎን ሊጎዳ የሚችል ኬሚካል ተንፍሰው ያውቃሉ? ከሕመሙ በፊት የፈሰሰ ወይም የተሰበረ ነገር ነበር? ይህ ለሕክምናው በጣም አስፈላጊ ነው ይላሉ ሐኪሟ።»

ስልኩን አየሁት። ትንሽ ቀይ መብራት አላት። እሳቸውም እዚያ ማዶ አሉ። የሚተነፍሱት ይሰማኛል፤ ያለ ፉጨት፣ ያለ ሳል፣ ጥርት ያለ ትንፋሽ።

«የለም» አልኩ።

«ኔይ» አሉ እሳቸው በስዊድንኛ።

ሐኪሟ ጻፈች።

በዚያች «የለም» ምክንያት የሄድኩበትን መንገድ ልንገራችሁ። ከኢትዮጵያ ስለመጣሁና ሳል ስላለብኝ ወደ ሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ላኩኝ። ራጅ፣ ደም፣ አክታ። የተጠባባቂዎች ክፍል ውስጥ አፌ ላይ ጭምብል አድርጌ ስቀመጥ አጠገቤ የነበረች ሴትዮ ልጇን ይዛ ወንበር ቀየረች። አልፈርድባትም፤ እኔም እናት ብሆን እቀይር ነበር። ግን እስከ ዛሬ ያ ባዶ ወንበር ይታየኛል። ወሬው ሰፈራችን ገባ፤ «ወይንሸትን ሳንባ ያዛት» ተባለ። ዝም በይ ብለው የለመኑኝ ሰዎች ስለዚህ ወሬ አንድም ሽማግሌ አልላኩም። ነቀርሳ የለብሽም ሲሉኝ ደግሞ «ጭንቀት ሊሆን ይችላል» ብለው የሚያረጋጋ ኪኒን ሰጡኝ። ኪኒኑ አስተኛኝ፤ እያፏጨሁ ተኛሁ። ጋደም ማለት ስላልቻልኩ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር የማድረው። አንዳንዴ ትንፋሼ ሲቆረጥ «አሁን ነው» እላለሁ፤ ከመኝታ ቤት የጌታሁን ዝምታ ይሰማኛል። እንዳልተኛ አውቃለሁ። እሱም እንዳልተኛሁ ያውቃል። አንነጋገርም።

በዚህ ሁሉ መሐል ደግሞ ሥራ እገባለሁ። ያቺ ጓዳ ገብቼ ካፖርቴን እሰቅላለሁ፤ ያ መወልወያ እዚያው ነው። ሲብስብኝ እቀራለሁ፤ የመጀመሪያዋ የሕመም ቀን ደግሞ ያለ ክፍያ እንደምትቀር ታውቃላችሁ። ሼፌ፣ የጽዳቱ አለቃዬ፣ ፊቷ እየጠቆረ መጣ።

አንድ በጣም ብርድ የሆነ ጠዋት የብሬዴንግ ጣቢያ ደረጃ ላይ አየሩ እንደ ቢላ ገባብኝና ተቀመጥኩ። መነሳት አልቻልኩም። ከዚያ የማስታውሰው አምቡላንስ ነው፤ ፊቴ ላይ በእንፋሎት መድኃኒት የሚረጭ ጭምብል። ደረቴ በድንገት ተከፈተ። አየር እንዲህ ይጣፍጥ ነበር? አንዲት ነርስ እጄን ይዛ «ቀስ፣ ቀስ፣ አለሁ» ትለኛለች። የጫማዬን ማሰሪያ ሳይቀር ፈታችልኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከሰው ያገኘሁት ምሕረት እሷ ነበረች፤ ስሟን አልጠየቅሁም።

እሷ ናት «አስተርጓሚ ካልተመቸሽ ሌላ ይምጣልኝ ማለት ትችያለሽ፤ መብትሽ ነው» ያለችኝ። እንዲያው በዓይኔ ውስጥ አንድ ነገር አንብባ ይሆናል። እንዲህ ማለት እንደሚቻል ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። አንብቡት፣ ደግማችሁ አንብቡት፦ አስተርጓሚ ይቀየራል። የሚያውቃችሁ ሰው ከሆነ ደግሞ እሱ ራሱ «ይህን ሰው አውቃለሁ፣ ሌላ ፈልጉ» ማለት ነበረበት።

ከዚያ ወደ ሳንባ ሐኪም ተላክሁ። ሽበት ያላት ሴት ናት። አንድ ቱቦ ውስጥ ባለ በሌለ ኃይሌ አስነፈሰችኝና መሣሪያው የሣለውን መስመር አየች። «ይህ አስም ነው» አለች። «ግን በዚህ ዕድሜሽ፣ ድሮ ምንም ሳይኖርብሽ፣ እንዲህ በድንገት አይመጣም። አንዳንዴ አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ብዙ የሚያቃጥል ነገር የተነፈሰ ሰው እንዲህ ይሆናል። እንዲህ ያለ ቀን ነበር?» ይህን ስትል እጇ አስተርጓሚ ለመጥራት ወደ ስልኩ እየሄደ ነበር።

«ቶልክ አያስፈልግም» አልኳት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ። ስዊድንኛዬ መጥፎ ነው። ግን የእኔ ነው።»

ተናገርኩ። ግሡ የት እንደገባ፣ ሰዋስዉ ምን እንደሆነ አላውቅም። «ፎርማሊን። ወለል። ሙቅ ውሃ። መስኮት የለም። መወልወያ በጓዳዬ። ቢጫ ሣጥን አልተከፈተም።» የሳሙና ጠርሙስ ስዊድንኛ ነው፤ ግን ለዚህ ነገር ከእሱ የተሻለ ቋንቋ አልነበረም። ሐኪሟ መጻፏን ተወች። «ጓዳው ውስጥ አሁንም ትገቢያለሽ?» አለች። «በየቀኑ» አልኳት። ዓይኗን ጨፈነች።

ቀደም ብላ ብታውቅ ይሻለኝ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «በእርግጠኝነት ማለት አልችልም» አለች። «ግን ከዚያ ጓዳ በመጀመሪያው ቀን አወጣሽ ነበር።»

ቤት ገብቼ ለጌታሁን ነገርኩት።

«ሽማግሌ አሳፈርሽ» አለኝ።

«አዎ። አንተስ ማንን ልታሳፍር ነበር? አስከሬኔን ነው?»

ሳምንት አልተነጋገርንም። ከሥራ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል። አንድ ቀን ግን ወጥ ቤት ስገባ የለም። በረንዳውን ሳይ፣ በዚያ በረዶ፣ ጃኬቱን ለብሶ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ፣ በትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ሽንኩርት ያቁላላል። የቁሌቱ ጭስ እንዳይነካኝ ነው። የጎረቤት ፈረንጅ ከላይ ሆኖ ያየዋል። በመስታወቱ በኩል «ምን ታያለሽ? ግቢ፣ ብርድ ነው!» አለኝ። ይቅርታውን እንዲህ ነው የጠየቀኝ፤ በሌላ መንገድ አያውቅም። ዛሬም ድረስ ወጥ የሚሠራው እዚያ ነው።

ሐኪሟ የጻፈችው ለአሠሪዬ ደረሰና ስብሰባ ተጠራ። የላብራቶሪውን ደኅንነት የምትጠብቅ ቢርጊታ የምትባል ሴት፣ የኤርሚያስ አለቃ፣ ሼፌ፣ ኤርሚያስና እኔ። እኔ በር ላይ ቆምኩ፤ ወደ ውስጥ መግባት አልፈለግሁም። ኤርሚያስ ቀና ብሎ አላየኝም። ቢርጊታ ቢጫውን ሣጥን ከግድግዳው አወረደችውና እዚያው ፊታችን ማኅተሙን በጣቷ ቀጭ አደረገችው። እንደ ገለባ ተቆረጠ።

ውስጡ ምን እንዳለ ላሳያችሁ። ወፍራም ጓንት። የዓይን መነጽር። ፈሳሽ የሚመጥ ዱቄትና እንደ ዳይፐር ያለ ጨርቅ። የሚታሸግ ከረጢት። ቢርጊታ እያነሳች ተናገረች፦ መጀመሪያ ሰው ይወጣል፤ አጠገብ ላሉት ይነገራል፤ በሩ ይዘጋል። ትንሽ ከሆነ የሠለጠነ ሰው ከዳር ወደ መሐል በሚመጥ ነገር ይሸፍነዋል፤ ያሽገዋል፤ ጭስ በሚስበው ቦታ ያስቀምጠዋል። እንዲህ ብዙ ከሆነ ደግሞ ሣጥኑም አይበቃም፤ ማንም ሳይገባ ጭምብልና መሣሪያ ያላቸው ይጠራሉ። ውሃ አይነካውም። መወልወያ አይነካውም። ስቴድ የሚሠራ ሰው ፈጽሞ አይነካውም።

«ሣጥኑ ግድግዳው ላይ ነበር። ለምን አልተከፈተም?» ብላ ጠየቀች።

ኤርሚያስ ቀስ ብሎ «ማኅተሙ ከተቆረጠ ይጠየቃል ብዬ» አለ።

ቢርጊታ አልገባትም። አለቃውን አየችው፣ እኔን አየችኝ። «ማኅተሙ እኮ ለእኔ ነው» አለች። «ተቆርጦ ካየሁ ከውስጡ የጎደለ አለ ማለት ነው፤ እሞላዋለሁ። ሌላ ትርጉም የለውም።»

ቁጡ የተባለው አለቃ ደግሞ «ማፍሰስ ለሁላችንም ይደርሳል፤ መደበቁን ነው የማልረዳው» አለና ኤርሚያስን ለአንድ ከሰዓት የደኅንነት ሥልጠና እንዲወስድ አዘዘው። በቃ። ወደ አገሩ አልመለሱትም። ዶሴው ላይ የተጻፈ ነገር ካለም ዶክተር ከመሆን አልከለከለውም። ሽማግሌ የተላከበት፣ የእኔ ሳንባ የተከፈለበት ነገር የአንድ ከሰዓት ትምህርት ነበር። ስወጣ ኤርሚያስ ተከትሎኝ ኮሪደር ላይ ደረሰብኝ። ይቅር በዪኝ ይለኛል ብዬ ቆምኩ።

«እግዜር ይማርሽ እትዬ» አለኝ።

አሁን ደኅና ነኝ ልበላችሁ? የሚነፋ መድኃኒት ጠዋትና ማታ እወስዳለሁ። ሌላ ሥራ ሰጥተውኛል፤ የቢሮ ጽዳት፣ ሽታ የሌለው ሳሙና። የብሬዴንግን ዳገት በበጋ እወጣታለሁ፤ በክረምት አንድ ጊዜ አርፋለሁ፤ አሁን ግን ስልክ የምደውል አልመስልም፤ ዝም ብዬ አርፋለሁ። ከባድ ሽታ ግን አልችልም። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን የማስቀድሰው ከውጭ፣ በሩ አጠገብ ሆኜ ነው።

ባለፈው እሑድ እዚያው ቆሜ ሳለሁ ጋሽ መርዕድ ከውስጥ ወጡ። ከዚያ ስልክ ወዲህ ፊት ለፊት ተገናኝተን አናውቅም ነበር። ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያገላበጡ አጠገቤ ቆሙ። አርጅተዋል።

«ወይንሸት» አሉ በመጨረሻ፣ «ብዙ ጊዜ ልነግርሽ ስፈልግ ነበር። ያን ዕለት ጥያቄውን በትክክል ነው የተረጎምኩልሽ። አንድ ቃል አላጎደልኩም።»

«አውቃለሁ ጋሼ» አልኳቸው። «"የለም" ስልም በትክክል ነው የተረጎሙልኝ።»

ባርኔጣቸውን ማገላበጥ አቆሙ። ከውስጥ የቅዳሴው ዜማ ይሰማል። እሳቸው ተመልሰው ገቡ፤ እኔ በር ላይ ቀረሁ፣ በአፍንጫዬ ቀስ እያልኩ፣ ያንን ብርድ አየር እየሳብኩ።